ሙሽራ ያለ መቅዘፊያ

ቤቭ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት የሚዜ ቀሚሷን ስታጠልቅ ሁለት ነገር ያቅለሸልሻት ነበር። አንደኛው ራሱ ቀሚሱ ነው። ቀለሙ የታመመ ሰው ምላስ የመሰለ ሮዝ፣ ትከሻው ላይ ደግሞ ትራስ የሚያህል እብጠት። ሁለተኛው ሙሽራው ናይጀል ነው። ቀሚሱንስ ማታ አውልቃ ትጥለዋለች። ናይጀልን ግን ታላቅ እህቷ ሎሬይን ዕድሜ ልኳን ልትለብሰው ነው።

ነገሩ የተበላሸው ትናንት ነው። ቤቭ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ መንገድ ላሳጥር ብላ በፀጉር ቤቱ ጓሮ አቋረጠች፤ ባላቋረጠች። ከቆሻሻ በርሜሎቹ ኋላ ናይጀል ፀጉር ሠሪዋን ካረንን ግድግዳ ላይ ለጥፎ አፏን ይበላል። ይበላል የተባለው ለማሳመር አይደለም። በአንድ እጁ በሊጥ የተጠቀለለ የአሳማ ቋሊማ ይዟል፣ የተገመጠ። ለመሳም ብሎ እንኳ ምግቡን አላስቀመጠም። ፍርፋሪው ካረን አንገት ላይ ተበትኖ፣ ቅባቱ አገጯ ላይ ሲያብለጨልጭ ቤቭ በዓይኗ በብረቱ አየች።

ይህችው ካረን ደግሞ ዛሬ ቢጉዲኗን ሸክፋ ቤታቸው ድረስ መጥታ፣ በእነዚያው ጣቶች የሎሬይንን ፀጉር ስትጠቀልል፣ ስትፈታ፣ እያንጎራጎረች ስፕሬይ ስትነፋበት አረፈደች። ቤቭ ሻይ ስታቀርብላት ትንሽ ምራቅ ልትጨምርበት አስባ ነበር። የተወችውም ጨዋ ሆና ሳይሆን ካረን እያየቻት ስለነበረ ነው።

እንግዲህ ጭንቁ ይኸው ነው። ብትናገር ሰርጉ ይፈርሳል፣ የአባቷ ልብም አብሮ ይፈርሳል። ዝም ብትል እህቷ ያን አፍ በቄስ ፊት ልትስም ነው። ወትሮ ነገር አፏ ላይ የማያድር ልጅ ይሄን ይዛ ስታድር ሆዷ ተነፍቶ አደረ።

አባትየው ሬጅ ከጭቃ ዛጎል እየለቀመ የሚሸጥ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሁለቱን ልጆቹን በአሮጌ የጭነት ጀልባ ላይ አሳድጓል። ጀልባዋ ክራንሲ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ታስራ ነው የምትውል የምታድረው፤ ቤታቸው እሷ ናት። ሽንት ቤታቸው ባልዲ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ባልዲውን አውጥቶ መድፋት የትልቋ ልጅ ሥራ ስለሆነ ሎሬይን በዚያ እጀታ መዳፏ ደድሯል።

ሬጅ ለዚህ ሰርግ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሙሽራዋ በጀልባ እንድትሄድ። እናቱ በጀልባ ነው የሄደችው፣ አያቱም እንደዚያው። የናይጀል እናት ሚስስ ሃስኬት ሪባን የታሰረበት ነጭ መኪና ልላክ ብትል፣ «የጀልባ ሰው ልጁን በጎማ አይድርም» ብሎ መለሰላት። ትንሿን ጀልባ ነጭ ቀባት። ሞተሯንም ነቅሎ አስቀመጠው፤ ጭሱ ቬሎውን ያጠቁረዋል ብሎ።

ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ከወንዟ ራስ ላይ ነው። ወንዝ ትባል እንጂ የእውነት ወንዝ አይደለችም። ባሕሩ ሲሞላ ትሞላለች፣ ባሕሩ ሲሸሽ ጥቁር አረንቋ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ ሰዓት ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ አገር በጋ ሲገባ ሰዓቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፣ ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት የሚናገረው መጽሐፍ ግን እንደ ጥንቱ ይቆጥራል። ስለዚህ የክራንሲ ሰው በጋውን ሙሉ በመጽሐፉ ላይ አንድ ሰዓት ይጨምራል። ሬጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጨምር ኖሯል፣ ተኝቶም ይጨምራል። የዘንድሮው መጽሐፍ ግን አዘጋጁ ራሱ አስቀድሞ ጨምሮበት ነው የወጣው። ልባሱ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ሬጅ ልባስ አያነብም። በተጨመረው ላይ ጨመረና፣ ውሃው ሞልቶ፣ ደርሶ፣ ተመልሶ መሸሽ ከጀመረ በኋላ ሙሽራዋን ጭኖ ተነሣ።

ሎሬይን ከጀልባዋ ኋላ ተቀምጣለች። ቬሎዋ እንደ ፈላ ወተት ገንፍሎ ዙሪያዋን ሞልቷል። ቤቭ ከፊቷ ሆና ጫፉን እንዳይነከር ታቅፋለች። ሬጅ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ከረቫቱን ትከሻው ላይ ወርውሮ ይቀዝፋል። ሁለቱም ዳርቻ ጭቃው ብቅ ብሏል፣ እንደ አውሬ ጀርባ እየሰፋ ይመጣል።

«አባዬ፣ ውሃው ወደ ባሕሩ ነው እንዴ የሚሄደው?» አለች ቤቭ።

«ዝም በይ። አሁን እየሞላ ነው።»

«ያ ቅጠል ወዲያ እየሄደ ነው።»

«ቅጠሉ የራሱ ጉዳይ ይኖረዋል።»

ትንሽ እንደሄዱ የጀልባዋ ሆድ ጭቃውን ነካ። ከዚያ ፋቀው። ከዚያ ቆመች። ሬጅ «ምንም አይደለም» አለ፤ ሬጅ ምንም አይደለም ካለ ነገሩ አለቀለት ማለት ነው። ተነሥቶ አንዱን መቅዘፊያ ጭቃው ውስጥ ተከለና ሊገፋ ተጫነው። መቅዘፊያው ሰተት ብሎ ገባ። መልሶ ሊነቅለው ቢጎትት ጭቃው አልለቅም አለ፤ ሬጅ ባዶ እጁን ተመልሶ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። ሎሬይን ደንግጣ ብድግ ስትል ጀልባዋ አጋደለች፣ ሁለተኛው መቅዘፊያ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ከቀረችው ቀጭን ውሃ ጋርም ሌላ ቦታ የተጠራ ይመስል ወደ ባሕሩ ነጎደ።

በዚያ አገር ሰው መውጫ ሲጠፋው «ካካ ወንዝ ላይ ያለ መቅዘፊያ ቀረ» ይባላል። ለንደን ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው እንኳ ይለዋል፣ ወንዝ ሳያይ። ለክራንሲ ሰው ግን አባባል አይደለም፣ አድራሻ ነው። ምክንያቱም እነ ቤቭ ከቆሙበት ሦስት እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ አዲሱ ሰፈር የተሠራ ጊዜ የተዘረጋው የፍሳሽ ቱቦ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል። ጥጃ የሚውጥ አፍ አለው። ከንፈሩ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ጢም አብቅሏል።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። እዚያው ነው፣ ባሕሩ እንዳይገባ ከተሠራው ግድብ ማዶ፣ ዛፎቹ ይታያሉ። ቀጥሎ ሰርገኞቹ አንድ ሁለት እያሉ ግድቡ ላይ ወጡ። በባርኔጣ፣ በአበባ፣ በጓንት። መጀመሪያ እጃቸውን አወዛወዙ። ኋላ ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ።

«ሬጅ» አለ አንዱ ከመጠጥ ቤት የሚያውቀው፣ «መቅዘፊያህን የት አደረግከው?»

«እናትህ ተውሳኝ» አለ ሬጅ። ሱሪውን ሰብስቦም ሊገፋ ወረደ። እስከ ጭኑ ጠለቀ። ጭቃው ሲቀበለው አየር አስተነፈሰ፤ የበሰበሰ እንቁላልና የሞተ ሸርጣን አንድ ላይ የተቀቀለ የመሰለ ግማት ተነሣ። ቤቭ አፍንጫዋን ቀሚሷ ትከሻ ውስጥ ቀበረች፤ እብጠቱ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ሰጠ። አባትየው ወደ ጀልባዋ ፊት ዞሮ እያማጠ መግፋት ጀመረ።

ቤቭ አሁን ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር ገባት።

«ሎሬይን» አለች ዝቅ ብላ። «ናይጀልን ትናንት አይቼዋለሁ። ከካረን ጋር። በርሜሎቹ ኋላ።»

ሎሬይን ወደ ግድቡ እያየች ነበር። ዓይኗን አልመለሰችም።

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ካረንን። ከፋሲካ ጀምሮ።»

«እና ዛሬ ጠዋት ጭንቅላትሽን ሰጠሻት?»

«ፀጉር ስትሠራ ጎበዝ ናት።»

ቤቭ እህቷን አየቻት። ስፕሬይ የደረቀበት ፀጉር፣ የተቀባ ከንፈር፣ የማይንቀሳቀስ ፊት። ለናይጀል ያዘጋጀችው ማቅለሽለሽ ሁሉ ወደዚህ ዞረ።

«ቋሊማ እየበላ ነው የሚስማት» አለች። «አላስቀመጠውም እኮ።»

«ለኔም አያስቀምጥም።»

«ታዲያ ምን ቆርጦሽ ነው የምታገቢው?»

ሎሬይን አሁን ዞር አለች። «ሁለት ሽንት ቤት አለው። አንድ ፎቅ ላይ፣ አንድ ምድር ቤት። ምንጣፍ የተነጠፈበት። ቤቭ፣ አንቺ እኮ ባልዲውን ይዘሽ በንፋስ ወጥተሽ አታውቂም። ነፋሱ ሲመልሰው ምን እንደሚሆን አታውቂም። ትምህርት ቤት ማን ከኋላዬ እንደሚቀመጥ ዕጣ ይጣጣሉ ነበር። በቃኝ። እዚያ ቁጭ ትያለሽ፣ እጀታውን ትስቢያለሽ፣ ይሄዳል። አታዪውም። ለዚያ ስል ካረንን እችላታለሁ። አሁን እንደማትናገሪ ማይ። ለአባዬም ለማንም። በእማዬ ማይልኝ።»

ቤቭ መማሉ ራሱ አፏን አኮመጠጠው፤ ግን ማለች። ከዚያ አላስችል አላት።

«ይሄዳል ያልሽው ግን ወዴት ነው የሚሄደው?»

ቱቦው አሳለ።

ሌላ ቃል የለውም፣ እንደ ሽማግሌ ነው ያሳለው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር የሰፈሩ ፍሳሽ ማጣሪያ ሞልቷል፤ ማጣሪያው ሲሞላ ደግሞ በሩ ይከፈትና እንዳለ ይለቀቃል። መጀመሪያ ግራጫ ውሃ ተፋ። ቀጥሎ ወፍራሙ መጣ። ለስላሳ ወረቀት እንደ ሥጋ ጅማት የተንጠለጠለበት፣ ሆዱ አብጦ የሚንሳፈፍ ሞዴስ፣ ቡኒ ቡኒው እርስ በርሱ እየተጋፋ፣ የአንድ ሰው ጥርስ ሳሙና አረፋ ከላይ ነጭ አክሊል ሠርቶ። ለብ ያለ ነው፣ እንፋሎት አለው። እየተንፏቀቀ መጥቶ ጀልባዋን ዙሪያዋን ከበባት። አንድ ነገር የሎሬይንን ቬሎ ጫፍ ነካ፣ ወደደው፣ ተለጠፈበት።

«ቅዳሜ እኮ ነው» አለ ሬጅ እስከ ጭኑ ውስጡ ቆሞ፣ ፊቱን ሳይመልስ። «ሁሉም ይተጣጠባል። ለሰርጉ።»

ቤቭ ግድቡን አየች። ባርኔጣ፣ አበባ፣ ጓንት። የሚስስ ሃስኬት ከንፈር ከዚህ ሳይቀር ያብለጨልጫል። እነዚያ ሁሉ ቁርስ በልተው፣ ሽንት ቤት ገብተው፣ እጀታውን ስበው፣ ሽቶ ተርከፍክፈው ነው የመጡት። የላኩት ቀድሟቸው ደርሷል። ቤቭ ከጀልባዋ ጠርዝ አጎንብሳ ሻይና ዳቦዋን መለሰች፤ ማንም ልዩነቱን ሊያውቅ በማይችልበት ቦታ።

ሬጅ ግን መላ አያጣም። ከጀልባዋ ወለል ሁለት ሳንቃ ነቀለ። አንዱን ጭቃው ላይ አነጠፈ፣ ሎሬይንን አቁሞ ሁለተኛውን ከፊቷ አነጠፈ፣ እሷ ስትሻገር የኋላውን ነቅሎ ወደፊት አመጣ። ይህን ሲያደርግ ራሱ ሳንቃ የለውም። አንዴ በጉልበቱ፣ አንዴ በሆዱ፣ አንዴ እስከ ብብቱ ጠልቆ እየዋኘ ይሁን እየዳኸ የማይለይ ሆነ። ቤቭ ከኋላ ቬሎውን እንደ ታጨቀ አልጋ ልብስ ታቅፋ ትከተላለች። በመካከል ሎሬይን አዳለጣትና በአንድ ጉልበቷ ወደቀች፤ አባቷ ትከሻውን ሰጥቷት ተነሣች። ጓንቷ የተደገፈበት ቦታ ሱፉ ላይ ትንሽ ንጹሕ ምልክት ቀረ።

ግድቡ ሥር ሲደርሱ ናይጀል ከላይ ቆሟል። ነጭ ካልሲ፣ ግራጫ ጫማ፣ ጢሙ የተቀባ። እጅ ለመስጠት ጎንበስ አለና መሀረቡን አውጥቶ በመሀረቡ ያዛት። በሁለት ጣት።

«ሬጅ፣ አንተ እንኳ ራቅ በል» አለ፣ «ቬሎውን ታበላሸዋለህ።»

«ምኑ ቀርቶት» አለች ቤቭ።

«ይቺ ልጅ ምላሷ ረዘመ።»

«ካንተው አይብስም።»

ሎሬይን ክርኗን ቆነጠጠቻት።

ቄሱ ደግ ሰው ነበር፣ ደግና ፈሪ። ሚስቱ እህትማማቾቹን ወስዳ በሙቅ ውሃ አጠበቻቸው። ቬሎው እስከ ወገቡ ስለተበላሸ ሎሬይን የቄሱን ሚስት ሰማያዊ ቀሚስ ለበሰች፤ ወገቡ ሰፊ ነው፣ በመርፌ ቁልፍ ሰበሰቡት። ሬጅን ግን ወደ ቤት የሚያስገባው አልተገኘም። ናይጀል ራሱ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ይዞ ጓሮ ውስጥ አቁሞ ከሩቅ ረጨው፣ ልክ ፈረስ እንደሚታጠብ። ሬጅ ዓይኑን ጨፍኖ ሲሽከረከር ሰርገኛው ሳቀ፣ ሬጅም አብሮ ሳቀ። ጭቃው ወረደ። ሽታው አልወረደም።

ኦርጋኑ ተጀመረ። በእነሱ ልማድ አባት ልጁን ክንዷን ይዞ እስከ መሠዊያው ያደርሳታል። ሎሬይን በሩ ላይ ስትደርስ ግን ክንዱን አጥፎ የሚጠብቃት የናይጀል አጎት ጎድፍሪ ነበር።

«አባዬስ?» አለች።

ሚስስ ሃስኬት ከኋለኛው ወንበር ተነሥታ መጣች፤ በጆሮዋ ልታንሾካሹክ ፈልጋ፣ ስትቀርብ ሐሳቧን ቀየረች። «ውጭ አግዳሚው ላይ ተመቻችቶ ተቀምጧል፣ የኔ ቆንጆ። እሱም አልከፋውም። በሩን ገርበብ እናደርግለታለን፣ ድምፁ ይሰማዋል።»

ቤቭ ዞር ብላ አየች። አባቷ ከዛፉ ሥር አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ነፋሱ ሽታውን ወደ ውስጥ እንዳያስገባ ብሎ ራሱ ቦታ መርጧል። ውሃው ከሱሪው እየተንጠባጠበ፣ ከረቫቱን አጥብቆ እያሰረ ነው።

ናይጀል ከመሠዊያው ድረስ ተመልሶ መጣ። «ሎሬይን፣ ምን ሆነሻል? ሰው ሁሉ ይጠብቃል።»

«አባቴ ይግባ።»

«ምንጣፉ አዲስ ነው። ደሞ ፎቶው...»

«ሽታ ፎቶ ላይ አይወጣም» አለች ቤቭ።

«እኔም እኮ እሸታለሁ» አለች ሎሬይን። «አሽትተኝ።»

«አንቺማ ታጥበሻል» አለ ናይጀል፣ ለማባበል ብሎ፣ ድምፁን አለስልሶ። «የዛሬ ነው ያንቺ። የሱ እኮ የቆየ ነው። ሁሉም ያውቃል።»

ቤቭ ሁለቱን አስተያየች። ካረንን እንደ ሻይ የጠጣች እህቷ፣ ይህን አፏ ውስጥ ይዛ ልትውጠው ትታገላለች። ቤቭ እየጠበቀች ነበር፤ ትውጠዋለች ብላ፣ ከዋጠችው ደግሞ ከዛሬ በኋላ አብራት ከአንድ ሳህን እንደማትበላ ወስና።

ሎሬይን ክንዷን ከአጎት ጎድፍሪ ክንድ ቀስ ብላ አወጣች። ሰውየው እፎይ አለ፤ ሙሉ ጊዜ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ሰማያዊውን ቀሚስ ሰብስባ በሣሩ ላይ ሄደችና አግዳሚው ላይ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች።

«ጀመሩ እንዴ?» አለ ሬጅ።

«አልጀመሩም።»

«ታዲያ ሂጂ እንጂ፣ የሰው ሰው አስቁመሽ።» የተዋሰችው ቀሚስ እንዳይበላሽ ብሎ ራቅ አለ። እሷ ተጠጋች። እሱ ደግሞ ራቀ። ተጠጋች። አግዳሚው አለቀበት፣ በአንድ መቀመጫው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ናይጀል በሩ ላይ ብቅ አለ፤ ከኋላው የባርኔጣ መንጋ። «ሎሬይን፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ነይና እንነጋገር።»

«አይሰማኝም» አለች ሎሬይን። መስማትስ ይሰማታል፣ መንገድ ማዶ ያለ ውሻ እንኳ ሰምቶታል። «ቀረብ ብለህ ንገረኝ።»

አንድ እርምጃ ሣሩ ላይ ወጣ። መሀረቡን አወጣ። ጫማውን አየ፣ ከዚያ አግዳሚውን፣ ከዚያ ሬጅን። ቤቭ እግሩን ብቻ ነበር የምታየው፤ ግራው ተነሣ፣ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፣ ወደነበረበት ተመለሰ።

«ከዚሁ ሆኜ ልንገርሽ» አለ በመሀረቡ ውስጥ።

ሎሬይን ጀርባዋን አግዳሚው ላይ አሳረፈችና፣ «ቤቭ፣ አትቁሚ፣ ነይ ተቀመጪ» አለች። በሎሬይን በኩል ደረቅ ቦታ ሞልቷል፤ በሬጅ በኩል የቀረው ጠርዙ ብቻ ነው፤ እርጥብ ነው፣ ሳንቃው መሐል አንድ የማይታወቅ ነገር ተሰክቶበታል። ቤቭ አየችው። አፍንጫዋን ይዛ አባቷን ወደ ሎሬይን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።